የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሴቶች ልጆች፤ ሹመታቸውና የደስክ ክስ

በጉና ተራራ ዙሪያና ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው ደጋ ዛሬ ደቡብ ጎንደር ይባላል፤ በቀድሞው አጠራር ግን የበጌምድር እምብርት ነበር። ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩ ወዲህ የዚህ አገር ታሪክ በተተረከ ቁጥር ከመሳፍንቱ ጋራ አንዲት ሴት ሳይጠሩ አይታለፉም። እርሳቸውም የዳግማዊ ራስ ዐሊ እናት እቴጌ መነን ናቸው። ልጃቸው በ1831 በለጋ ዕድሜው ሹመቱን ሲይዝ ሥልጣኑን በእጃቸው አድርገው የቆዩት፣ በ1847ም ራሳቸው ጦር አሰልፈው ወጥተው በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት በካሣ ኃይሉ እጅ የተማረኩት እኒሁ እቴጌ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የሴት ወይዘሮ በበጌምድር ላይ ማዘዝ ከዘመነ መሳፍንት ሥርዐት መፍረስ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብለው የሚያስቡ ጥቂቶች አይደሉም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከመነን በፊት አራት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የደብረ ታቦር ስም ሳይሰማ፣ በጌምድርን በንጉሥ ሹመት የያዙ ሴት ነበሩ። ስማቸው አባለ ማርያም ይባላል፤ አባታቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል ጁል ፔሩሾን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋራ አድርጎ በ1893 በፓሪስ አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ንጉሡ የየአገሩን ገዥዎች ሽረው በፈንታቸው የገዛ ሴቶች ልጆቻቸውን እንደ ሾሙ ይነበባል። በትግሬ ድል ሠምራ፣ በአንጎት ባሕር መንገሣ፣ በግድም ሶፍያ፣ በይፋት አመተ ጊዮርጊስ፣ በሸዋ ሮም ገነየላ፣ በዳሞት መድኅን ዘመዳ፣ በበጌምድር አባለ ማርያም ተሾሙ፤ በጋኝም የንጉሡ የእኅት ልጅ አጽናፍ ሰገዱ ተቀመጡ። ከዚህም በላይ ከመንግሥቱ ሹመቶች ሁሉ ከፍ ያለው የብሕት ወደድነት ማዕርግ፣ በቀኝም በግራም፣ ከወንዶች እጅ ወጥቶ ለመድኅን ዘመዳና ለብርሃን ዘመዳ ተሰጠ። ስሞቹን ልብ ብሎ ላየ ሰው የእነዚህ ወይዘሮች ሥልጣን ምን ያህል እንደ ነበረ ከስማቸው ጭምር ይሸተዋል። «ሮም ገነየላ» ማለት ሮም ተገዛላት ማለት ነው፤ «አጽናፍ ሰገዱ» ደግሞ የዓለም ዳርቻዎች ሰገዱላት እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ለእልፍኝ አይወጣም።

ንጉሡ ስለ ምን ይህን አደረጉ? መልሱ ከእርሳቸው በፊት በነበሩት ዓመታት ውስጥ ይገኛል። ዐፄ ዳዊት በ1413 ከሞቱ ጀምሮ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እስኪነግሡ ድረስ በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ነገሥታት በዙፋኑ ላይ ተፈራርቀዋል። ከነዚህም አራቱ የመጡትና የሄዱት በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ገደማ ነው። ሕፃናት ይነግሡ ነበር፤ የሚያነግሡትም የሚሽሩትም ታላላቆቹ ሹማምንትና የጦር አለቆች ነበሩ። ዘርዐ ያዕቆብ ከግሸን አምባ እስር ወጥተው ዙፋን ላይ ሲቀመጡ ይህን ሁሉ የሚያውቁ፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስት ያህል የሆነ የበሰሉ ሰው ነበሩ። ወንድ ልጅን በሩቅ አገር ላይ መሾም ጦርና ግብር ሰጥቶ ተቀናቃኝ ማሳደግ ነው፤ ባዕድን መሾም የቀድሞዎቹን አንጋሾች መመለስ ነው። ሴት ልጅ ግን የንጉሥ ደም ነች፣ ነገር ግን ልትነግሥ አትችልም። እንግዲህ የሴቶቹ ሹመት ከርኅራኄ ወይም ከአባትነት ፍቅር የመጣ ሳይሆን በሚገባ የታሰበበት የመንግሥት ዘዴ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እኒሁ ጠንቃቃ ንጉሥ ከጦር ይልቅ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነበራቸው። ይህም ሥራይ፣ ማለት የመሠርያን ሥራ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው መሠርያን በቅናት ይተናኰሉዋቸው ነበርና ካህናቱ በቤተ መንግሥቱ ሌሊትና ቀን ጸሎት ያደርሱ፣ ጠበልም በየግድግዳው ይረጩ ነበር። ይህ የግል ፍርሃት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የአገር ሕግ ሆነ። ክርስቲያን ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል፣ በግራ እጁም ርጉም የተባለውን ደስክን ክዶ የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚናገርበትን ጽሑፍ እንዲይዝ ታዘዘ። ለንጉሡ የሚሰጡት ድርሳናት፣ በተለይም «መጽሐፈ ብርሃን»ና «ጦማረ ትስብእት»፣ ጠንቋይንና አስማተኛን፣ ዕጣ ጣይንና ኮከብ ቈጣሪን እየዘረዘሩ ያወግዛሉ። በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያንን በማስተማር ለማጽናት የተጋ፣ በሰንበትና በማርያም በዓላት ሥርዐት ላይ እስከ ዛሬ የሚታይ አሻራ የተወ ንጉሥ፣ በሌላ በኩል በየጓዳው የተሸሸገ ጠላት የሚያይ ሰው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ለታሪክ ጸሓፊ ቀላል አይደለም፤ መለየቱም ምናልባት ስሕተት ነው።

ደስክ ማነው? በንጉሡ ዘመን በተጻፉት መጻሕፍት ስሙ ከዲኖና ከጉዳሌ ጋራ አብሮ ይነሣል። ሕዝቡ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላም በስውር መሥዋዕት የሚያቀርብላቸው መናፍስት ተደርገው ይቈጠራሉ። የሃይማኖት ታሪክ ለሚመረምር ሰው በዚህ የሚያስደንቅ ነገር የለም። በ15ኛው መቶ ዓመት የክርስትናው ግዛት በወርድም በቁመትም ገና እየሰፋ ነበር፤ ገበሬው ሰብሉ በረዶ እንዳይመታው፣ ከብቱም እንዳያልቅበት የቀድሞውን ውቃቢ እንደ ልማዱ መለማመኑ የማይቀር ነው። የሚያስደንቀው የደስክ አምልኮ በገበሬ ጎጆ መገኘቱ ሳይሆን በንጉሡ ቤት ገባ መባሉ ነው።

የዜና መዋዕሉን ቃል ሳንጠቅስ ፍሬ ነገሩን እንናገር። ከንጉሡ ልጆች አንዳንዶቹ ለደስክና ለዲኖ ሰገዱ ተብለው ተከሰሱ። ከወንዶቹ ገላውዴዎስ፣ ዐምደ ማርያም፣ ዘርዐ አብርሃምና በትረ ጽዮን፣ ከሴቶቹም ድል ሠምራ፣ ሮም ገነየላና አዳል መንገሣ በስም ተጠርተዋል። ንጉሡ በጽኑ ገረፉዋቸው፤ ከግርፋቱም የተነሣ ብዙዎቹ ሞቱ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ንጉሡ ስለ እግዚአብሔር ቀንተው በገዛ ልጆቻቸው ላይ ያደረጉት በዐዋጅ ተነገረው፤ የግርፋቱም ምልክት ታየ፤ የሰማውና ያየውም ሁሉ አለቀሰ። የትግሬ ገዥ የነበሩት ድል ሠምራና የሸዋ ገዥ የነበሩት ሮም ገነየላ ከተከሰሱት መካከል መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘባል። የበጌምድሯ አባለ ማርያም በስም ከተቈጠሩት ውስጥ የሉም፤ ነገር ግን ጸሓፊው በስም ካነሣቸው ሌላ የተቀጡ እንደ ነበሩም ይጠቁማል።

ይህን ምዕራፍ ከዚህ ላይ አቁሞ የሚዘጋ አንባቢ ልዕልቶቹ በእውነት ጣዖት አምልከው የተገኙ አድርጎ ይይዛቸዋል፤ እንዲህ አድርገው የጻፉም አልጠፉም። ጽሑፉ ግን ራሱ ሌላ ነገር ይናገራል። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ሁሉ ታላቅ ድንጋጤ እንደ ነበረ፣ ድንጋጤውም በይበልጥ የመጣው «እኛ ለደስክና ለሰይጣን ሰግደናል» ብለው ከተናዘዙ በኋላ ንጹሓን ሰዎችን «ከእኛ ጋራ ሰግደዋል» እያሉ በሐሰት ከሚያስገድሉ ሰዎች እንደ ነበረ ይገልጣል። ንጉሡ ከሳሾቹን የሟቹ ደም በእናንተ ላይ ይሁን ብለው ያስምሉዋቸዋል፤ እነርሱም ይምላሉ፤ ፍርዱም በዚያው ይጸናል። ከከሳሾቹ መካከል ታዐውቀ ብርሃንና ዘርዐ ጽዮን የተባሉት በክፉ ይነሣሉ። ይህን የጻፈው ሰው የንጉሡ ጠላት አይደለም፤ ንጉሡን የሚያከብር፣ ሥርዐታቸውንም የሚያመሰግን የቤተ መንግሥት ጸሓፊ ነው። በራሱ ወገን ላይ የሚመሰክር ምስክር ደግሞ በማናቸውም ሸንጎ ይታመናል።

የክሱ ኀይል ያለው እዚህ ላይ ነው። ሸፈተ፣ ግብር አስቀረ፣ ከጠላት ተላላከ ተብሎ የተከሰሰ ገዥ ምስክር ሊያቆም፣ ደብዳቤ ሊያሳይ፣ ጦሩ በወቅቱ የት እንደ ነበረ ሊያስረዳ ይችላል። በሌሊት፣ በጓዳ፣ ለማይታይ መንፈስ ሰገደች የተባለች ሴት ግን ምን ታቀርባለች? ምስክሩ አብሬያት ሰግጃለሁ የሚል ሰው ነው፤ መናዘዙም ታማኝ ያደርገዋል። ብትክድ ደስክ አፏን ዘጋው ይባላል፤ ብታምን ሞተች። ስለዚህ የደስክ ክስ ማናቸውንም ሹም፣ የንጉሥ ልጅም ቢሆን፣ ያለ ጦርነትና ያለ ክርክር ከሥልጣኑ የሚያወርድ መሣሪያ ነበር። መሣሪያውንም የያዙት ልዕልቶቹ በተሾሙበት ስፍራ ቀድሞ ለመቀመጥ ይጠባበቁ ከነበሩት ወንዶች ወገን ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእርግጥ ግን አይታወቅም። ከልዕልቶቹ ውድቀት በኋላም ንጉሡ አገሮቹን ሁሉ በገዛ እጃቸው ጠቅልለው በየአገሩ ተጠሪዎቻቸውን አኖሩ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ክሱ ሴቶቹን ብቻ አልነካም፤ አራት ወንዶች ልጆችም ተገርፈዋል። እንግዲህ የሴት ሥልጣን መፈራት ነው የሚለው አስተያየት ከየት ይመጣል? መልሱን ለማግኘት የጽዮን ሞገሳን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ጽዮን ሞገሳ የኋለኛው የዐፄ በእደ ማርያም እናት ናቸው። ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ልጅሽን ልታነግሺ አስበሻል ተብለው በ1462 ገደማ ተደብድበው ከቁስሉ የተነሣ ሞቱ፤ ልጃቸውም ተገርፎ ታሰረ፤ የዳነው በመነኮሳት አማላጅነት ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ ነገር ደስክ አልተጠራም። የዙፋን ነገር ሲሆን ክሱ በስሙ ይጠራል፤ ምክንያቱም ወንድ ልጅና እናቱ ዙፋን ሊመኙ እንደሚችሉ ሁሉም ያውቃል። ልዕልቶቹ ግን ለራሳቸው ዙፋን ሊመኙ አይችሉም፤ ሕጉ ዘግቶባቸዋል። ኀይላቸው የሹመት ኀይል፣ የግብርና የፍርድ ኀይል ነበር፤ ይህንንም የሰጡዋቸው ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። በሕግ የተሰጠን ኀይል በሕግ መክሰስ አይቻልምና ከሕግ ውጭ የሆነ ስውር ኀይል ሊፈለግላቸው ግድ ነበር።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን፣ በ1441፣ በእንግሊዝ አገር የግሎስተር መስፍን ሚስት ኤሌኖር ኮብሃም በአስማት የንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛን ሞት ጠይቃለች ተብላ ተከሰሰች። ባሏ የንጉሡ አጎትና አልጋ ወራሽ ነበረ፤ ንጉሡ ቢሞት ንግሥት የምትሆነው እርሷ ነች። ኮከብ ቈጣሪው ተሰቀለ፤ መድኃኒት አዋቂ የተባለችው ሴት በእሳት ተቃጠለች፤ ኤሌኖር ግን ጧፍ ይዛ በለንደን ጎዳናዎች በሕዝብ ፊት ንስሓ ከገባች በኋላ ዕድሜ ልኳን ታስራ ኖረች። ሁለቱን ስናነጻጽር ሁለት ልዩነት እናያለን። አንደኛ፣ በእንግሊዝ ጉዳዩ በጳጳሳት ሸንጎ ፊት በሥርዐት ተሰምቶ የመስፍን ሚስትነቷ ነፍሷን አትርፎላታል፤ በእኛ አገር ፍርዱ ከንጉሡ ድንኳን ወጥቶ ከዚያው አልፏል፤ የንጉሥ ልጅነትም አላዳነም፤ እንዲያውም ንጉሡ ለልጃቸው አለማዳላታቸው የጽድቃቸው ምስክር ሆኖ በዐዋጅ ተነግሯል። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝ የወደቀችው ዙፋን የቀረባት ሴት ነች፤ በኢትዮጵያ የወደቁት አገር የያዙ ሴቶች ናቸው።

በዚሁ ቤት ከዚህ ሁሉ መዓት የተረፉ አንዲት ታላቅ ሴት መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። የሐድያ ገዥ ልጅ የነበሩት ንግሥት እሌኒ ዘርዐ ያዕቆብን አልፈው፣ በእደ ማርያም እንደ እናት አክብረዋቸው፣ እስከ ልብነ ድንግል ዘመን ድረስ የመንግሥቱ መካሪ ሆነው ኖረዋል። አባታቸው እስላም ነበሩና ለክስ የሚመች ሰው ከተፈለገ ከእሌኒ የሚመች አልነበረም። ነገር ግን እሌኒ የግእዝ መጻሕፍት ዐዋቂ ነበሩ፤ ድርሰትም ይነገርላቸዋል። ከልዕልቶቹ ግን አንድ መስመር ጽሑፍ አልደረሰንም። የምናውቃቸው በሹመታቸው ዝርዝርና በግርፋታቸው ዝርዝር ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የጻፈው የቤተ መንግሥቱ ካህን ነው።

ዐፄ በእደ ማርያም በ1468 ሲነግሡ የታሰሩትን ፈቱ፤ የየአገሩንም ሹመት ወደ ቀድሞው ሥርዐት መለሱ። ሹመቱ ለወንዶች ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ዘመን በጌምድር በዜና መዋዕል ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ከቤተ እስራኤል ጋራ ለረጅም ጊዜ የተዋጋው የጦር አለቃ ማርቆስ ነው። የእኅቶቹ ሹመት ከታሰበ ያልታሰበ ያህል ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሰሎሞን ዘር የሆነች ልዕልት በንጉሥ ዐዋጅ አገር ስትሾም አናይም፤ ወይዘሮች ኀይል ሲያገኙ የሚያገኙት በልጅ ሞግዚትነት፣ በጋብቻና በርስት ነው። መነን በደብረ ታቦር የያዙት ሥልጣንም የዚህ ዐይነት ነበር። በእርሳቸው ላይ ደስክን አመለኩ ያለ የለም፤ ጠላቶቻቸው የሚያነሡት የወሎ ትውልዳቸውንና የአባቶቻቸውን እስልምና ነበር። ክሱ ልብሱን ለውጧል፤ በጦር ሜዳ ሊመለስ የማይችል፣ በልብ ውስጥ ተሸሽጓል የተባለ ነገር መሆኑ ግን አልተለወጠም።

ደስክስ የት ሄደ? ይህን ለማወቅ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ደብተሮቹ አገር መሄድ ያስፈልጋል። የደቡብ ጎንደር ደጋ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ዙር አምባ በጋይንት፣ አቋቋሙም በደብረ ታቦር ነው። ከዚህ ትምህርት ጎን ለጎን፣ መምህራኑ ሲያወግዙት ደብተሮቹ ግን በስውር ሲቀባበሉት የኖረ ሌላ ጥበብ አለ፤ እርሱም የአስማትና የጠልሰም ጥበብ ነው። ፍሬው በብራና የሚጻፈው ክታብ ነው። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጠላል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ማለት ነው። ዐይናቸውን ያፈጠጡ የመላእክትና የጠልሰም ሥዕሎች ይሣሉበታል፤ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት በጦር እንደ ወጋት ይተረክበታል፤ በመጨረሻም የሚባረሩት መናፍስት በየስማቸው ይጠራሉ። ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ያቋረጠው የማርሴል ግሪዮል የጥናት ጓድ በ1932 ጎንደር በቆየበት ጊዜ ከሰበሰባቸው ጽሑፎች መካከል እንዲህ ያሉ ክታቦች ብዙ ናቸው፤ ዛሬም በፓሪስ ይገኛሉ።

በእነዚህ ክታቦች የመናፍስት ዝርዝር ውስጥ ከባርያና ከሌጌዎን፣ ከዛርና ከቡዳ ጋራ ደስክና ጉዳሌ ተጽፈው ይገኛሉ። ዘርዐ ያዕቆብ በእያንዳንዱ ክርስቲያን ግራ እጅ ላይ እንዲካድ ያዘዙት ስም በሕዝቡ አንገት ላይ በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ ኖረ፤ ያን ጊዜም የተጻፈው ለመካድ ነበር፣ ዛሬም የሚጻፈው ለማባረር ነው። ከእነዚህ ክታቦች የብዙዎቹ ባለቤቶች ሴቶች ናቸው። የክርስትና ስማቸው፣ ወለተ ማርያም ወይም አመተ ጊዮርጊስ፣ በየጸሎቱ መጨረሻ በቀይ ቀለም ይገባል፤ ክታቡ በውርስ ወይም በሽያጭ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ ደብተራው የፊተኛይቱን ስም በቢላዋ ፍቆ በዚያው ስፍራ የአዲሲቱን ይጽፋል።